«ገመና ነው» ብለው ለመለሱን ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

የመሥሪያ ቤትዎን ስም እዚህ አንጠራም፤ ደብዳቤው ለማን እንደተጻፈ እርስዎ ያውቃሉ። እኛ በጎጃም ከተሞችና ወረዳዎች በጤና ተቋማትና በጋብቻ ምክር የምንሠራ ሰዎች ነን። አደባባይ የወጣነው የወሲብ ፊልም ስለገባበት ትዳር በመዝገብ ቤትዎ በኩል ያስገባናቸው ማመልከቻዎች የገቢ ቁጥር ተሰጥቷቸው በዚያው ስለቀሩ ነው። ያገኘነው መልስ በቃል የተነገረን ብቻ ነው፦ «ይህ የባልና ሚስት ገመና ነው፤ እኛን አይመለከትም።»

ይመለከትዎታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ቤተሰብ ከኅብረተሰብና ከመንግሥት ጥበቃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ጠረጴዛዎ ላይ ያለ ሕግ ነው። ስለዚህ ሕጉን እያነበብን ጊዜዎን አንወስድም።

ገመና ያሉት ጉዳይ እዚያው ቢሮዎ ውስጥ ይቀርባል፤ የማይታየው ስሙ ተለውጦ ስለሚመዘገብ ነው። ሚስት ትመጣለች። «ሌሊት ስልኩን ይዞ ይቀራል፤ ወደ እኔ ከዞረ ወራት አለፉ፤ የሚያየውንም አይቻለሁ» ትላለች። ባለሙያዎ አቀርቅሮ «የባሕርይ አለመጣጣም» ብሎ ይጽፋል። ሽማግሌ ይጠራል። ከዚያ ሦስትና አራት ወንዶች በተቀመጡበት፣ ባልዋም እያዳመጠ፣ «ለመሆኑ ምን አጎደልሽበት?» ተብላ ትጠየቃለች። ጸጉርሽን ተሠሪ፣ ተኳኳይ፣ ፊትሽን ፈታ አድርጊ ተብላ ትመከራለች። ባልየውን ስለ ስልኩ የሚጠይቀው የለም። እሺ ብላ ትፈርምና ትሄዳለች፤ ፋይሉም «በዕርቅ ተዘጋ» ይባላል።

ክቡር ኃላፊ፣ የሚያንገበግበን ይህ ነው። ያቺ ሴት ቢሮዎ ከመምጣቷ በፊት ያንኑ ጥያቄ ራሷን ስትጠይቅ ነው የከረመችው። ከወለደች በኋላ የሰፋ ሆዷን፣ የወረደ ጡቷን፣ በጪስና በፀሐይ የጠቆረ ፊቷን ስልኩ ላይ ካየቻት ሴት ጋር እያስተያየች በራሷ ላይ ስትፈርድ ኖራለች። ልብሷን በጨለማ መቀየር ጀምራለች፤ ገላዋን እንዳያይ ትሸፋፈናለች፤ እንቢ መባሉ ስላሳፈራት እርሷም መጠየቁን ትታለች። የመንግሥት ቢሮ ደግሞ በሽማግሌ ፊት ፍርዷን አጸደቀላት። ከእንዲህ ዓይነት ዕርቅ በኋላ ብዙዎቹ ወደ እኛም አይመለሱም።

ጉዳዩ እንዴት እንደሚሄድ ለባለሙያዎችዎ ያስረዱልን። የወሲብ ፊልም ሙጥኝ የሚል ወንድ ሁሉ በፍትወት የተነሣ አይደለም። ሥራ የፈታ፣ ደመወዙ ቤት ኪራይ የማይችልለት፣ በልጅነቱ «አንተ ምንም አትረባም» እየተባለ ያደገ፣ በሚስቱ ፊት ማነስን የሚፈራ ሰው አለ። ስልኩ እንቢ አይለውም፣ ምንም አይጠይቀውም፣ ከጎረቤት ጋር አያወዳድረውም። ለጥቂት ደቂቃ ይረሳል። ወዲያው እፍረቱ ይመጣል፤ እፍረቱን ይደብቃል፤ የደበቀውም ነገር ራሱን ይበልጥ እንዲንቅ ያደርገዋል። ሲከፋው መልሶ ወደዚያው ይሄዳል። ሚስቱ በኀፍረት ዝም ስትል ደግሞ ዝምታዋን እንደ ንቀት ይቆጥረዋል። እንዲህ ሁለት ራሳቸውን የናቁ ሰዎች አንድ አልጋ ላይ ጀርባ ተሰጣጥተው ያድራሉ፤ ሁለቱም የሚያስቡት «አትፈልገኝም፣ አይፈልገኝም» ነው። የሚያዩ ሚስቶችም አሉ። እነርሱ እፍረታቸው ስለሚበዛ ጨርሶ አይናገሩም።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳናጋንን እንናገር። ያየ ሁሉ ትዳሩ አይፈርስም። በዘርፉ ያሉ ጥናቶች አብዛኞቹ የወሲብ ፊልም ማየትና የትዳር እርካታ ማጣት አብረው እንደሚታዩ እንጂ የትኛው የትኛውን እንደወለደ አይለዩም። አንዳንዱ ትዳር ቀድሞ ቀዝቅዞ ነበር። ከማየቱ ይልቅ ድብቅነቱና ውሸቱ ትዳሩን ሲጎዳ ብዙ ጊዜ እናያለን። «አንጎልህ በስብሷል፣ ከእንግዲህ ሰው አትሆንም» እያሉ የሚያስፈራሩ ሰባኪዎችና የማኅበራዊ ሚዲያ ተናጋሪዎች ግን እርዳታ መስለው ጉዳት ያደርሳሉ፤ ራሱን የናቀን ሰው ይበልጥ መናቅ ወደ ስልኩ ይመልሰዋል እንጂ አያላቅቀውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀውና በ2022 ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ መቆጣጠር ያልተቻለ የወሲብ ባሕርይ የሚባል ሕመም አለ፤ መለያው 6ሲ72 ነው። አንድ ሰው ይህ አለበት የሚባለው ፍላጎቱን መቆጣጠር አቅቶት ለረጅም ጊዜ፣ ለምሳሌ ለ6 ወርና ከዚያ በላይ፣ ሥራው፣ ቤተሰቡ ወይም ጤናው ሲጎዳ ነው። ኀጢአት ነው ከሚል ጸጸት ብቻ የመጣ ጭንቀት ለዚህ ምርመራ እንደማይበቃ እዚያው ተጽፏል። ይህ ለጎጃም ትልቅ ቁም ነገር ነው። በሁለት ወር አንዴ አይቶ ንስሐ የሚገባው ወጣትና በየሌሊቱ ለ3 ሰዓት ያህል የሚያይ፣ ሥራውን የሚያስተጓጉል አባወራ አንድ ዓይነት እርዳታ አይፈልጉም። ለመጀመሪያው የነፍስ አባቱ ይበቁት ይሆናል፤ ሁለተኛው ግን ባለሙያ ያስፈልገዋል።

ጾምንም ማንሳት አለብን፤ ሌላው ሲሸሸው ስላየን። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ብዙ ባለትዳሮች አልጋ ይለያሉ። ባል በዚያ ጊዜ ስልኩን ይዞ ከተለየ ሚስት ጾሙን አክብሮ ነው ብላ ታምናለች። ከፋሲካ በኋላም ካልተመለሰ ምክንያቱን ከራሷ ትፈልጋለች። ሽማግሌም የነፍስ አባትም «ከትንሣኤ በኋላስ እንዴት ናችሁ?» ብለው ቢጠይቁ ብዙ ነገር በጊዜ ይታወቅ ነበር።

የአካሉን ነገር ደግሞ ጤና ጣቢያው ሊለየው ይገባል። ገላን በየደቂቃው በሚለዋወጥ ምስልና በራስ እጅ ጫና ያስለመደ ሰው ከሚስቱ ጋር ሲሆን ስሜቱ ሊዘገይ ወይም ብልቱ ላይቆም ይችላል። አንድ ሌሊት ካቃተው በሚቀጥለው ሌሊት ራሱን እንደ ፈታኝ ይመለከታል፤ ፍርሃቱ ብቻውን ያስቀረዋል። መለያው ቀላል ነው፦ ሲነጋ ሲነቃ ወይም ብቻውን ሲሆን ይቆማል ወይ? የሚቆም ከሆነ ችግሩ በአብዛኛው ከጭንቀትና ከልማድ ነው። በየትኛውም ጊዜ የማይቆም ከሆነ ስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶችና መጠጥ መታየት አለባቸው። አሁን የሚሆነው ግን ያለ ምርመራ ቪያግራ መግዛት ነው። ይህ መድኃኒት የደም ዝውውርን ይረዳል እንጂ ፍላጎትን አይፈጥርም፤ ለልብ ሕመም ከሚወሰድ ናይትሬት ከሚባል መድኃኒት ጋር ከተገናኘ ደግሞ የደም ግፊትን አውርዶ ሊገድል ይችላል። ድባቴም መጠየቅ አለበት። ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የድባቴ መለኪያ 27 ነጥብ አለው፤ 10 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ተጨማሪ ምርመራ ይገባዋል። ይህን ለመሥራት የሚያስፈልገው ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው።

ባልና ሚስትን ለመርዳት ቅደም ተከተል አለው፤ ሽማግሌዎችዎ የሚያበላሹትም ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ ለየብቻ ይነጋገሯቸዋል። ሚስትን ከሁሉ አስቀድሞ «መትቶሽ ያውቃል? ያየውን እንድትፈጽሚ አስገድዶሽ ያውቃል?» ይሏታል። አዎ ካለች የዕርቁ ነገር ይቆማል፤ ደኅንነቷ ይቀድማል። አይደለም ካለች፣ ባልየው ለብቻው ተዘጋጅቶ አንድ ጊዜ እውነቱን ይነግራታል፦ ከመቼ ጀምሮ፣ በምን ያህል ጊዜ፣ ገንዘብ ወጥቶበት እንደሆነ፣ ከእውነተኛ ሰው ጋር ግንኙነት ኖሮት እንደሆነ። የፊልሞቹን ዝርዝር ግን አይነግራትም፤ ዝርዝሩ ጭንቅላቷ ውስጥ ይቀርና ራሷን የምታወዳድርበት ይሆናል። እኩለ ሌሊት ላይ ስልክ እየነጠቁ መመርመርም መተማመንን አይመልስም። በየሳምንቱ አንድ የታወቀ ሰዓት ይዞ መነጋገር ይሻላል።

ቀጥሎ ባልየው ለሁለት ሳምንት በማስታወሻ ደብተር ይመዘግባል፦ ፍላጎቱ የመጣበትን ሰዓት፣ ቦታውን፣ ከዚያ በፊት የተሰማውን። አብዛኛው ሰው ሲመዘግብ ፍትወት ሳይሆን ንዴት፣ ብቸኝነት ወይም ውርደት ቀድሞ እንደነበረ ያያል። ፍላጎቱ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይበርዳል፤ በዚያ ሰዓት ከክፍሉ መውጣት፣ ውኃ መቅዳት፣ ሰው ጋ መደወል ይረዳል። ስልኩ ሌሊት ከመኝታ ክፍል ውጭ ቻርጅ ይደረጋል። በቴሌግራም ከቡድኖቹ መውጣት ብቻ አይበቃም፤ ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ከሚለው ሥር በራሱ የሚያወርደውን ማጥፋት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሳይፈልገውም ይጫንበታል። ሚሞሪ ካርዱም ይጸዳል።

ወደ አልጋ የሚመለሱት በዝግታ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ግንኙነት እንዳይፈጽሙ ይስማማሉ፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ለ20 ደቂቃ ያህል፣ ጡትና ብልት ሳይነካ እጅ፣ ጀርባ፣ ትከሻ መዳሰስ ብቻ። ፈተናው ሲቀር ፍርሃቱ ይቀንሳል። እርሷም ገላዋ ሳይመዘን መነካትን ትለምዳለች። ይህን ሳያደርጉ «ዛሬውኑ አብራችሁ እደሩ» ብሎ መስደድ ውድቀቱን መድገም ነው። ከእነርሱ አንዳቸው መልሰው ከተሳሳቱ ደግሞ ምን ቀድሞ እንደነበር መዝገቡን አይተው ይቀጥላሉ። ለራሷ ያላትን ግምት የሚመልሰው ደግሞ የእርሱ መተው ብቻ አይደለም፤ የራሷ ምክር፣ የራሷ ወዳጆች፣ የራሷ ገቢ ያስፈልጓታል።

«ኢንተርኔት ይዘጋ» የሚሉም ሰምተናል። በ2015 መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ነገሩ አልቆመም፤ ዘፈንና ፊልም ከሚጭኑ ሱቆች በሚሞሪ ሲዘዋወር ቆየ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 640 የብልግና ምስሎችን ማዘጋጀትንና ማሰራጨትን ይቀጣል፤ ለአካለ መጠን ያልደረሱትን የሚመለከተው ደግሞ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ጭምር ከባድ ነው። ተማሪ ዩኒፎርም ለብሶ ሚሞሪውን የሚያስሞላባቸው ሱቆች ከቢሮዎ ሩቅ አይደሉም፤ እርስዎም በዚያ ሲያልፉ ያዩዋቸዋል። ሆኖም ሱቁን መዝጋት አስቀድሞ የተጎዳውን ትዳር አያክምም፤ አንዱን በሌላው አይተኩብን።

የምንጠይቀው በማመልከቻዎቻችን ላይ የጻፍነውን ነው። በመዝገብ ቅጽዎ ላይ «የባሕርይ አለመጣጣም» ከሚለው ውጭ የወሲብ ችግርንና የስክሪን ሱስ ጥርጣሬን የሚመዘግብ መስመር ይጨመር። ሚስትና ባል ከሽማግሌ በፊት ለየብቻ፣ በር በተዘጋበት ክፍል ይጠየቁ፤ ሴት ጠያቂ ለፈለገች ሴት ትመደብ። ከጤና ጣቢያው የአእምሮ ጤና አገልግሎት ጋር የመላኪያ ወረቀት ይኑር። ሽማግሌዎች ምን መጠየቅ እንደሌለባቸው ለማስረዳት እኛው ያለ ክፍያ እንመጣለን፤ ይህንንም ጽፈንልዎ ነበር። ለዚህ አዲስ በጀት አያስፈልግም፦ የቅጹን አንድ ገጽ ማሻሻልና አንድ ክፍል መክፈት ነው። ውሳኔዎ እሺም ይሁን እንቢ፣ ቁጥርና ማኅተም ባለው ወረቀት ይሰጠን፤ እንቢ ከሆነም ምክንያቱ ይጻፍበት፤ ወረቀቱን ይዘን ወደ ክልሉ ቢሮ እንሄዳለን።

በጎጃም በጤናና በጋብቻ ምክር የምንሠራ ባለሙያዎች