ሞንትፎርትን አንሥቶ የጣለው ወጣት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ስለ መጥፋቴ የሚገባኝን ወቀሳ ስንገናኝ ታወርድብኛለህ፤ ለዛሬው ያደረውን ክርክራችንን ልቀጥል። በእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 3ኛ ላይ ያመፁትን መሳፍንት የመራውን ሲሞን ደ ሞንትፎርትን የጣለው የንጉሡ ልጅ፣ አልጋ ወራሹ ኤድዋርድ ነው ትላለህ። እኔ ደግሞ አጋሩ የነበረው የግሎስተሩ ኧርል (መስፍን) ጊልበርት ደ ክሌር ባይከዳው ኖሮ ኤድዋርድ ከእስር ወጥቶም የትም አይደርስም ነበር እላለሁ።

እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 1264 በሉዊስ ጦርነት ንጉሥ ሄንሪ 3ኛ ሲማረክ ጊልበርት ገና 20 ዓመቱ ነበር፤ የመሳፍንቱን ጦር መሐል የመራው እሱ ነው። ከዚያ በፊት በኤፕሪል ካንተርበሪ ላይ አይሁዶችን ያስጨፈጨፈውም እሱ ነው፤ ይህን ዘለው የሚያሞግሱትን አልወዳቸውም። ከድሉ በኋላ የንጉሡን 9 አማካሪዎች ከሚመርጡት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆነ። ሹመቱ ግን ስም ብቻ ነበር። ግንቦቹም፣ የምርኮኞቹ ቤዛም ወደ ሞንትፎርትና ወደ ልጆቹ ሄደ። ቅሬታው ከዚህ ይጀምራል።

ከሉዊስ በኋላ በሞንትፎርት እጅ የነበረው ኤድዋርድ ሜይ 28 ቀን 1265 ከሄሬፎርድ በፈረስ አመለጠ፤ የጊልበርት ወንድም ቶማስ በሴራው ነበረበት። ላድሎ ላይ ሲገናኙ ጊልበርት የጥንቱን መልካም ሕግ እንዲያስከብር ቃል አስገባውና ጦሩን ሰጠው። ከዚህ በኋላ ያለው የወንዝ ጉዳይ ነው። ግሎስተርን ያዙ፣ የሰቨርን ወንዝን ድልድዮች ሰበሩ፤ ሞንትፎርትን ለማሻገር ከብሪስቶል የተጠሩት መርከቦችም ወደሙ። ሽማግሌው ሞንትፎርት በወንዙ ምዕራብ ዳር ሳምንታት ባከኑበት። ሊደርስለት የመጣው ልጁ ደግሞ ኬኒልዎርዝ ሲደርስ ሠራዊቱን ከግንቡ ውጭ አሳደረ፤ ኤድዋርድ ንጋት ላይ ደርሶ በተኛበት አጠቃው። ሞንትፎርት ኦገስት 2 ኬምፕሲ ላይ ሰቨርንን ቢሻገርም ቀጥሎ የደረሰበት ኢቭሻም የኤቨን ወንዝ በሦስት በኩል የከበበው ቦታ ነው፤ ኦገስት 4 በሰሜን የቀረውን መውጫ ኤድዋርድና ጊልበርት ዘጉበት። እዚያው ሞተ።

ጥቅም ፈላጊ ብቻ ነበር ብለህ እንዳትዘጋው ግን የ1267ን ነገር እይ። መሬታቸውን የተነጠቁት የሞንትፎርት ወገን ዓመፀኞች እንደ ጥፋታቸው በአብዛኛው እስከ 5 ዓመት የርስታቸው ገቢ የሚደርስ ካሳ መጀመሪያ ከፍለው ርስታቸውን በኋላ እንዲወስዱ ተፈርዶባቸው ነበር። ያለ ርስት ከየት አምጥተው ይክፈሉ? ጊልበርት በኤፕሪል ለንደንን ያዘ፤ በጁን የተደረሰው ስምምነትም መጀመሪያ ርስታቸው ላይ እንዲገቡ ፈቀደላቸው። ኢቭሻም ላይ የወጋቸው ሰዎች እኮ ናቸው። ይህንን ምን ትለዋለህ? ጻፍልኝ።

ለቤተሰቡ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ