ቢአይዲ ሲመጣ ተከራዩም ሂሳቡን ይወቅ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

እንደ ሎስ አንጀለሱ ፌርፋክስ ጎዳና የአበሻ ምግብ ቤትና ሱቅ በተደረደረባቸው የካሊፎርኒያ መንገዶች «ባለ ንብረቶቹ አዋጥተው ሰፈሩን ያስጸዱ፣ ጥበቃ ይቅጠሩ» የሚል ሐሳብ በተነሳ ቁጥር ወሬው በአበባና በመብራት ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። ሂሳቡን፣ የድምፅ አቆጣጠሩንና የኪራይ ውሉን የሚያነሳ ብዙም አይሰማም። በተለምዶ ቢአይዲ የሚባለው፣ ባለ ንብረቶች ለጽዳትና ለጥበቃ የሚያዋጡበት የንግድ ማሻሻያ ቀጠና የሚቆመውም የሚፈርሰውም ግን በእነዚህ ነው።

ከእድር ጋር አናምታታው። እድር ላይ ሁሉም እኩል ያዋጣል፣ እኩል ይናገራል፤ ያልፈለገ ይወጣል። እዚህ ድምፅ የሚመዘነው በሚከፈለው ዶላር ልክ ነው። አንዴ ከጸደቀ የተቃወመውም ይከፍላል፤ ካውንቲው ከፕሮፐርቲ ታክሱ ጋር አንድ ላይ ይሰበስበዋል።

በ1994ቱ የካሊፎርኒያ ሕግ ለሚቋቋም ቀጠና ክፍያው የሚሰላው ንብረቱ በሚያገኘው ጥቅም ነው። ብዙውን ጊዜ ሦስት መለኪያ ይወሰዳል፦ ወደ መንገድ የዞረው የፊት ስፋት፣ የመሬቱ ስፋትና የሕንፃው ስፋት። ምሳሌ እንያዝ። 120 ይዞታ አለ እንበል፤ የእያንዳንዱ ፊት 50 ጫማ፣ መሬቱ 6,000 ካሬ ጫማ፣ ሕንፃው 4,000 ካሬ ጫማ። የዓመቱ በጀት 300,000 ዶላር ሆኖ 12,000ው ከሌላ ምንጭ ይመጣል፤ ምክንያቱን ወደ ታች አነሳዋለሁ። ከቀረው 288,000 ውስጥ 40 በመቶው በፊት ስፋት ቢከፋፈል ለአንድ ጫማ 19.20 ዶላር ይደርሳል። ለመሬትና ለሕንፃ 30፣ 30 በመቶ ቢመደብ መሬቱ በካሬ ጫማ 12 ሳንቲም፣ ሕንፃው 18 ሳንቲም ይሆናል። አንዱ ይዞታ 960፣ 720 እና 720፣ በድምሩ በዓመት 2,400 ዶላር ይከፍላል። ማዕዘን ላይ ያለ ሕንፃ ሁለት ፊት አለው፤ ሁለተኛው ይቆጠር አይቆጠር በዕቅዱ ላይ ቀድሞ ካልተጻፈ ጠቡ የሚጀመረው ከዚያ ነው።

ገንዘቡ የሚገዛውን ደግሞ እንይ። «ሰባት ቀን ሙሉ ጽዳት» ሲባል አንድ ሰው መቅጠር የሚመስላቸው አሉ። በቀን 8 ሰዓት ለሰባት ቀን 56 ሰዓት ነው፣ አንድ ሠራተኛ በሳምንት የሚሠራው ግን 40 ነው። በዓመት 2,912 ሰዓት ይሆናል። ኮንትራክተሩ ደሞዝ፣ ኢንሹራንስና መሣሪያ ጨምሮ በሰዓት 35 ዶላር ቢያስከፍል 101,920 ዶላር፣ የበጀቱ ከሲሶ በላይ፣ በአንድ መጥረጊያ ሄደ ማለት ነው። የእግረኛ መንገዱ ላይ የተጣበቀውን ማስቲካና ከምግብ ቤት ቆሻሻ የሚንጠባጠበውን ዘይት በሙቅ ውኃ ግፊት ማጠብ ሌላ ሂሳብ ነው፤ ያጠበው ውኃ ወደ ጎርፍ መውረጃው መለቀቅ ስለሌለበት መልሶ የሚመጥ ማሽን ይፈልጋል። ከሁሉ በፊት ከተማው አሁን በነፃ የሚሰጠው አገልግሎት ምን ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይያዝ። ካልተያዘ ከተማው ቀስ ብሎ እጁን ሲሰበስብ ባለ ንብረቱ ለዚያው ሥራ ሁለቴ ይከፍላል።

ውሳኔው ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ከጠቅላላው ክፍያ ከ50 በመቶ በላይ የሚሸከሙ ባለቤቶች ማመልከቻው ላይ ይፈርማሉ። አንድ ትልቅ ባለ ንብረት ብቻውን እንዳይወስን የአንድ ባለቤት ድርሻ ከ40 በመቶ ቢበልጥ ትርፉ አይቆጠርም። ቀጥሎ ከተማው የድምፅ መስጫ ወረቀት በፖስታ ይልካል፤ ሕዝብ አስተያየት ከሚሰጥበት መድረክ ቢያንስ 45 ቀን ቀደም ብሎ። የሚቆጠረው የተመለሰው ብቻ ነው፤ ከተመለሰው ውስጥ የተቃውሞው ዶላር ከድጋፉ ከበለጠ ነገሩ አበቃ። የሚበላሸው ብዙ ጊዜ አድራሻ ላይ ነው። ሕንፃው በኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ) ወይም በትረስት (ንብረት በአደራ የሚያዝበት ውል) ስም ይሆንና ለመፈረም ሥልጣን የሌለው ወንድም ወይም ሥራ አስኪያጅ ይፈርማል፤ አለዚያም ፖስታው የማስታወቂያ ወረቀት መስሎ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል።

12,000ዋ ዶላር የመጣችው ከካሊፎርኒያ ሕገ መንግሥት ነው። በ1996 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 218 ባለ ንብረቱን ለልዩ ጥቅሙ እንጂ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ለሚያገኘው አጠቃላይ ጥቅም ማስከፈልን ይከለክላል። አጠቃላዩ ስንት በመቶ እንደሆነ መሐንዲስ በሪፖርት ለይቶ ያስቀምጣል፣ ያን ያህሉ ከእርዳታ ወይም ከሌላ ገቢ ይሸፈናል። የሳን ዲዬጎው ጎልደን ሂል ሰፈር ቀጠና በ2007 ተቋቁሞ በ2011 በይግባኝ ፍርድ ቤት የወደቀው በዚሁ ነው፤ ሪፖርቱ ሁለቱን ጥቅሞች አልለየም፣ ከተማው ለራሱ ይዞታዎች የሰጠው የድምፅ ክብደትም ማስረጃ አልነበረውም። ለመሐንዲስ የሚወጣ ገንዘብ የሚቆጨው ካለ ይህን ያስብ።

አሁን ወደ ተከራዩ። በእነዚህ መንገዶች እንጀራ የሚሸጠው ሰው ብዙ ጊዜ የሕንፃው ባለቤት አይደለም፤ የድምፅ ወረቀቱ የሚሄደው ለባለቤቱ ነው። ውሉ ትሪፕል ኔት ከሆነ፣ ማለትም ታክስ፣ ኢንሹራንስና ጥገና በተከራዩ ላይ ከሆኑ፣ ሁለት ተከራይ ባለበት ሕንፃ 2,400ዋ በነፍስ ወከፍ በወር 100 ዶላር ሆና ትወርዳለች። ዕቅዱ በየዓመቱ እስከ 5 በመቶ ጭማሪ ከፈቀደ በአምስተኛው ዓመት 2,917 ደርሳለች። ክፍያውን ለመንግሥት በቀጥታ የመክፈል ግዴታ ያለበትን ተከራይ ሕገ መንግሥቱ እንደ ባለቤት ይቆጥረዋል፤ ለባለቤቱ መልሶ መክፈል ግን ሌላ ነገር ሊሆን ስለሚችል ውሉን ጠበቃ ይየው። «ታክስ» የሚለው ቃል በውሉ ውስጥ እንዲህ ያለውን የቀጠና ክፍያ ይጨምር እንደሆነ አንድ መስመር ነው የሚወስነው፤ ውል ሲታደስ ያችን መስመር መደራደር ይቻላል።

የቀጠናው የመጀመሪያ ዘመን ከአምስት ዓመት አይበልጥም። ከተቋቋመ ዓመት በኋላ ጀምሮ በየዓመቱ 30 ቀን የሚከፈት በር አለ፤ በዚያ ጊዜ የክፍያውን 50 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚሸከሙ ባለቤቶች ፈርመው ይፍረስ ብለው ማመልከት ይችላሉ። የሚያስተዳድረው ማኅበር የግል ቢሆንም ስብሰባው በክፍት ስብሰባ ሕግ፣ ሰነዱም በሕዝብ መዝገብ ሕግ ይገዛል፤ ተከራይም ገብቶ መቀመጥ፣ ደብተሩን ጠይቆ ማየት ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከሎስ አንጀለስ