ስለዚያ ሳቄ

ልጄ፣

ባለፈው በስልክ «አብራሪነት ልማር ነው» ስትዪኝ ሳቅሁ። «መጀመሪያ መኪና መንዳት ልመጂ» አልኩሽ። አንቺም ወሬውን ቀየርሽና ስለ እናትሽ ጉንፋን ጠየቅሽኝ። ያጠፋሁት የገባኝ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ቤሲ ኮልማን ትዝ አለችኝ። እሷም ላይ የሳቀባት የገዛ ወንድሟ ነው።

ቤሲ እ.ኤ.አ. በ1892 ቴክሳስ ተወልዳ ጥጥ እየለቀመች ያደገች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ኋላ ቺካጎ ገብታ በአንድ የወንዶች ፀጉር ቤት ጥፍር ትሠራ ነበር። ወንድሟ ጆን በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ዘምቶ ተመልሷል። አንድ ቀን ሥራ ቦታዋ መጣና ያላግጥባት ጀመር። የፈረንሳይ ሴቶች አውሮፕላን ያበራሉ፣ እናንተ ግን የት አባታችሁ! ዓይነት ነገር።

እልህ ያዛት። አሜሪካ ውስጥ ግን የሚቀበላት የበረራ ትምህርት ቤት ጠፋ። የቺካጎ ዲፌንደር ጋዜጣ ባለቤት ሮበርት አቦት «ፈረንሳይ ሂጂ» ብሎ መከራት። እሺ፣ በምን ቋንቋ? ፈረንሳይኛ መማር ጀመረች። እኔን ከበረራው ይልቅ የሚደንቀኝ ይሄ ነው። ሰማይ ላይ ስትገለባበጪ የሚያጨበጭብልሽ አለ። የሰው ጥፍር ስትሞርጂ ውለሽ የባዕድ ቋንቋ ግስ ስትሸመድጂ ግን ማን ያይሻል?

በ1920 መገባደጃ በመርከብ ሄደች። የተማረችበት ኒዩፖር አውሮፕላን ከእንጨትና ከጨርቅ የተሠራ ነው። ፍሬን የለው፣ መሪ የለው። ከፊቷ ወፍራም ዱላ፣ ከእግሯ ሥር አግድም ዘንግ፣ በቃ። አብሯት የሚማር ሰው ተከስክሶ ሲሞት አይታለች። አላቋረጠችም። ጁን 15 ቀን 1921 ዓለም አቀፍ የበረራ ፈቃድ በማግኘት ከጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች።

በ1923 ካሊፎርኒያ ላይ ሞተሩ አየር ላይ ጠፋባትና እግሯና ጎኗ ተሰበረ። ተሽሏት ተመለሰች። ባደገችበት በዋክሳሃቺ ትርኢት ልታሳይ ስትል ደግሞ ለነጭና ለጥቁር የተለያየ መግቢያ ሊደረግ ሆነ። «በአንድ በር ካልገቡ አልበርም» አለች። በሩ አንድ ሆነ፤ ውስጥ ግን መቀመጫው እንደተለያየ ቀረ። ግማሽ ድል ነው። እኔ ግን ያቺን በር ከትርኢቶቿ ሁሉ አስበልጣታለሁ።

መጨረሻዋን አልደብቅሽም፣ ራስሽ ፈልገሽ ታገኚዋለሽ። አፕሪል 30 ቀን 1926፣ ጃክሰንቪል፣ ፍሎሪዳ። የሚያበረው መካኒኳ ነበር። እሷ በፓራሹት የሚወረድበትን ቦታ ከላይ ለማየት መንጠራራት ስለነበረባት ቀበቶዋን አላሰረችም። አውሮፕላኑ ድንገት ቁልቁል ተወርውሮ ተገለበጠ። ወደቀች። መካኒኩም አብሮ ተከሰከሰ። ኋላ ሲታይ መቆጣጠሪያው ውስጥ መፍቻ ተወሽቆ ተገኘ። አስቢው፣ መፍቻ! ገና 34 ዓመቷ ነበር።

ይህን ሳስብ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ አባት ነኛ። ግን የጆን ነገርም አልለቀቀኝም። ያላገጠባት መስሎት መንገድ አሳያት፤ ዕድለኛ ነው። ሁሉም ሴት ሲሳቅባት እልህ አይይዛትም። አንዳንዷ ወሬ ቀይራ ስለ ጉንፋን ትጠይቃለች።

ይቅር በዪኝ። ማመልከቻውን ሙዪ። የክፍያውን ግማሽ እኔ እችላለሁ፤ ለእናትሽም እኔው ቀስ ብዬ እነግራታለሁ። ጉንፋኑ ለቋታል።

ቀበቶሽን ግን አደራ።

አባትሽ