የፊደል ቅርጽ ክበብ፦ ከ86 ፊደል 231 ማውጣት

ክበቡ ዘንድሮ የያዘው ሥራ በመቃ ብዕር የተጻፈ ቁም ጽሑፍን ወደ ኮምፒውተር ፎንት መቀየር ነው። ጥቂቱ ፊደል በእጅ ይጻፋል፤ የቀረውን ኮምፒውተሩ የእጁን መልክ ተከትሎ ይስላል። ዘዴው ይበልጥ የሚፈለገው ለቻይንኛ ነው፤ በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂቢ 2312 የተባለው የቻይና የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ደንብ ብቻ 6,763 ፊደላት ይዟል። የእኛ 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ናቸው። ቁጥሩ ያንሳል፤ የሚያስቸግረው የእርባታው፣ ማለትም ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለው የቅርጽ ለውጥ፣ አለመደበኛነት ነው።

ካዕብ፣ ሣልስና ኃምስ በአብዛኛው ደንብ አላቸው። ሳድስ ግን አይገመትም፤ ል፣ ም፣ ር፣ ት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ይለወጣሉ። ስለዚህ በእጅ የተጻፉት 33ቱ ግዕዝ፣ 33ቱ ሳድስ፣ እንዲሁም እንደ ራ፣ ፋ፣ ና እና ሎ ከደንብ የሚወጡ 20 ፊደላት ናቸው። የፎንቱን መልክ የሚወስነው ከማሽኑ፣ ማለትም ከናሙና ተምሮ ፊደል ከሚስለው ፕሮግራም፣ ጉልበት ይልቅ ይህ ምርጫ ነው። ሙሉ አንድ ወር የወሰደውም በሚገባ ነው።

ወረቀቱ በ600 ነጥብ በኢንች ስካን ተደርጎ እያንዳንዱ ፊደል 256 በ256 ፒክሰል ሳጥን ውስጥ ገባ። እዚህ ላይ አንድ ከባድ ስህተት ነበር። እያንዳንዱ ፊደል ሳጥኑን እንዲሞላ ተደርጎ ሲመጠን፣ ሸ ከነቆቡ ረጅም ስለሆነ አነሰ፤ መስመሩም ከሰ መስመር ቀጠነ። መፍትሔው ለሁሉም አንድ መጠንና አንድ የእግር መስመር መጠቀም ነው።

86 ናሙና ብቻውን ማሽኑን ለማሠልጠን አይበቃም፤ ማሽኑ ያየውን ሸምድዶ ያልታየውን ያበላሻል። መጀመሪያ በተለያዩ የኅትመት ፎንቶች የፊደላቱን አጥንት ተማረ፤ ቀጥሎ በእጅ ጽሑፉ ተገራ። 8 ፊደላት ለፈተና ተደብቀው ስለነበር፣ ማሽኑ የሳለው ከእውነተኛው ጋር ጎን ለጎን ታየ።

ከዚያ ከፒክሰል የተሠራው ምስል ፖትሬስ በተባለ ፕሮግራም ጠርዙ በመስመር ወደተሳለ ቅርጽ ይቀየራል። 256 ፒክሰሉን እንዳለ ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ ጠርዙን ደረጃ ደረጃ ያደርገዋል። ግራጫው ሳይነካ መጀመሪያ 4 እጥፍ ማሳደግ፣ ጥቁርና ነጭ መለየቱን ወደ ኋላ ማቆየት ያስፈልጋል። ጥቁርና ነጭ የሚለይበት ልክ ወደ ጥቁር ሲያደላ የሌ ቀለበት ይደፈናል፤ ወደ ነጭ ሲያደላ የኘ ቆብ ይጠፋና ነ ሆኖ ይነበባል። ይህ ከውበት ጉድለት አልፎ የፊደል ግድፈት ስለሆነ ሁሉም በዓይን ተፈተሸ።

ፎንትፎርጅ በተባለው የፎንት መሥሪያ ፕሮግራም ውስጥ ፊደላቱን ወደየዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደንብ) ቦታቸው ያስገባው አጭር ፕሮግራም በመጀመሪያ የቆጠረው በ7 ነበር። ዩኒኮድ ግን ለአንድ ቤት 8 ቦታ ይሰጣል፤ በለ ቤት 8ኛው የሏ ነው። በዚህ ምክንያት ለ ሲጫን ሉ ይወጣ ነበር። እንደ ቀ እና ከ ያሉት ደግሞ ቈ እና ኰን ስለሚጨምሩ 16 ቦታ ይዘዋል፤ በሠንጠረዥ ለየብቻ መመዝገብ አለባቸው።

በግራና በቀኝ የሚተወውን ባዶ ቦታ ማሽኑ አያውቀውም። ፎንቱ ከሚለካበት 1000 አሃድ 60 እየተተወ ተጀምሮ፣ ቃላት እየተጻፉ በእጅ ተስተካከለ። ሏ፣ ቧና መሰሎቻቸው፣ ከ፩ እስከ ፼ ያሉት አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦቹ ገና አልተሠሩም።