የጎደለችው አንዲት ዕቃ፦ ለሐዋሳ የሰፈር ቡድኖች የድጋፍ ጥሪ

በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና ቆማ ካያችሁ መጀመሪያ ቀበቶዋን ተመልከቱ። ከታች ያለውን ትልቁን መዘውር ከላይኛው ትንሹ ጋር የሚያገናኘው ጠፍር ነው፤ ጫፍና ጫፉ በሽቦ ተያይዟል። ሲያረጅ ይለጠጣል፣ ይንሸራተታል፣ በመጨረሻ ሽቦው የገባበት ቦታ ላይ ይበጠሳል። ከዚያ ወዲያ ፔዳሉ ይረገጣል፣ የታችኛው መዘውር ይሽከረከራል፣ መርፌዋ ግን ንቅንቅ አትልም። መኪናዋ ጨርቅ ተከናንባ ጥግ ትይዛለች። የንጽሕና መጠበቂያ ሊሰፉ የተሰባሰቡ ሴት ተማሪዎችም መጀመሪያ በሳምንት የነበረውን ስብሰባ በወር ያደርጉታል፣ ቀጥሎ ይተዉታል። ከውጭ የሚያይ ሰው “ክበቡ ተነሳሽነት አጣ” ይላል። ያጣው ጠፍር ነው።

ይህ ጥሪ ለእንደዚህ ዓይነቷ ጠፍር ነው። ከሐይቅ ዳር እስከ ታቦር፣ ከመነኸሪያ እስከ ቱላ ድረስ ሥራቸውን ለያዙ እድሮች፣ የተማሪ ክበቦች፣ የታዳጊ እግር ኳስ ቡድኖችና ችግኝ አፍይ ወጣቶች የሚውል የጋራ ቋት ለመሙላት መዋጮ እንጠይቃለን። ከቋቱ ለአንድ ቡድን ከ30,000 ብር የማይበልጥ፣ አንድ ጊዜ የሚሰጥ፣ የማይመለስ ድጋፍ ይወጣል። በዚህ ዙር 16 ቡድኖችን ለመድረስ 480,000 ብር ያስፈልጋል። ከዚህ ውስጥ ለደመወዝ፣ ለአበል ወይም ለቢሮ ኪራይ የሚሄድ ሳንቲም የለም፤ የፎቶ ኮፒና የባንክ ክፍያውን አስተባባሪዎቹ ከኪሳቸው ይሸፍናሉ።

ለምን ይህን ያህል ትንሽ? ትልቅ ገንዘብ የሚሰጥ አካል የምዝገባ ሰርተፊኬት፣ የኦዲት ሪፖርትና ፕሮፖዛል ይጠይቃል። መጠየቁ ትክክል ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ዐዋጅ ቁጥር 1113/2011 ግን እድርና እቁብን ከሽፋኑ ውጭ አድርጓቸዋል። ይህ በራሱ ነጻነት ነው፤ እድር ለማቋቋም ፈቃድ ለማግኘት ደጅ መጥናት አያሻም። በሌላ በኩል ሰርተፊኬት የሌለው ቡድን የትልቁን ለጋሽ በር አያንኳኳም። በዓለም ደረጃ “አነስተኛ” የሚባለው ድጋፍም ለሰፈር አነስተኛ አይደለም። ግሎባል ኢንቫይሮመንት ፋሲሊቲ የተባለው ዓለም አቀፍ የአካባቢ ጥበቃ ፈንድ እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመረው የአነስተኛ ድጋፎች ፕሮግራም ለአንድ ፕሮጀክት የሚሰጠው ጣሪያ ለረጅም ዓመታት 50,000 ዶላር ነበር። ይህ በወር መዋጮ ለሚተዳደር እድር ዳኛውንና ገንዘብ ያዡን ከጎረቤትነት አውጥቶ ከሳሽና ተከሳሽ ሊያደርግ የሚችል ገንዘብ ነው። የአባላት መዋጮ የዕለት ወጪን ይሸፍናል፣ ትልቁ ለጋሽ ሕንጻ ይሠራል፤ በሁለቱ መካከል ያለችውን ጠፍር የሚገዛ ጠፍቷል።

ስለ ችግኝ ቡድኖች ሰፋ አድርገን እንጻፍ፤ በቅን ልቦና የተሰጠ ገንዘብ በብዛት የሚባክነው እዚያ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ በምድር ላይ የሚወጣለት ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ ይገባበታል፣ ከሐይቁ የሚነሳ ወንዝ ግን የለም። ስለዚህ ከተራቆተ ኮረብታ የታጠበ አፈርና ከመንገድ የተጠረገ ፕላስቲክ አንዴ ከገባ ገባ ነው። ከሐይቁ በላይ የነበረችው ጨለለቃ በደለል ተሞልታ ረግረግ ሆናለች። ችግኝ የሚያፈሉ ወጣቶች በየሰፈሩ መኖራቸው ታዲያ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ ድጋፉ የሚመጣው ሰኔ ላይ፣ የተከላ ወሬ ሲሟሟቅ መሆኑ ነው። የሰኔ ብር ችግኝ አያፈላም፤ ከሌላ ቦታ የተገዛ ችግኝ መኪና ላይ ያስጭናል እንጂ።

ሐምሌ ላይ አፈሩ ጠግቦ ሲርስ ለተከላ የሚደርስ ግራቪሊያ ጥር ወይም የካቲት ላይ መዘራት አለበት። ጽድና ወይራ ከዚያም የረዘመ ጊዜ ይፈልጋሉ። ችግኙ የሚፈላበት የፕላስቲክ ቱቦ የሚሞላው በ3 እጅ የአካባቢ አፈር፣ በ2 እጅ የበሰለ ብስባሽ እና በ1 እጅ አሸዋ ነው። የሐዋሳ አፈር ግን ብዙ ቦታ ላይ ቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር ስለሚበዛበት አሸዋውን ቀንሶ ብስባሹን ከፍ ማድረግ ያዋጣል፤ አለዚያ ጠዋት ያጠጡት ውሃ ለከሰዓት አይቆይም። ልኩን ለማወቅ እርጥቡን ድብልቅ ጨብጡት። እጃችሁ ሲከፈት ቅርጹን ይዞ ከቀረ፣ በጣት ሲነካም ከፈረሰ ጥሩ ነው። ጭቃ ሆኖ ከቀረ ሥር አያስተነፍስም።

የግራር ዘር ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ እንዲሁ ቢዘራ ለሳምንታት ዝም ይላል። ውሃ አፍልቶ ከእሳት ማውረድ፣ ዘሩን እዚያ ውስጥ መጨመርና እስከ ማግስቱ ማሳደር ነው። ያበጠው ይዘራል፤ ያላበጠው እንደገና ፍል ውሃ ይገባል። ዘሩን እሳት ላይ ባለ ውሃ የሚቀቅል ሰው አለ፤ እሱ ንፍሮ ነው የሚያገኘው።

የውሃው ሒሳብ ደግሞ ብዙ ቡድን የሚወድቅበት ነው። 5,000 ችግኝ ለማድረስ የሚቀደደውንና የማይበቅለውን ጨምሮ 5,500 ያህል ቱቦ ይሞላል። ለአንዱ ቱቦ በቀን 100 ሚሊ ሊትር ብቻ ብናስብ 550 ሊትር ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 27 ጊዜ ተመላልሶ እንኳ ትንሽ ይቀራል። መጋቢት ላይ ቧንቧ ሲጠፋ ይህን በትከሻ የሚያመላልስ ወጣት ለሁለት ሳምንት ይታገሣል። ለዚህ ነው ከችግኝ ቡድን መጀመሪያ የምንጠይቀው ጥያቄ “ውሃው ከየት ነው?” የሚለው። መልሱ አጥጋቢ ከሆነ ድጋፉ በርሜል፣ የእጅ ጋሪ፣ ሁለት ባለ ወንፊት ውሃ ማጠጫ፣ ቱቦና ጥላ መረብ ይገዛል። ካልሆነ የችግኙን ቁጥር ወደ 1,500 አውርዱ እንላቸዋለን፤ የሚቀየምም አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ገንዘብ ሳይሆን እጅ ይፈልጋል። ሥሩ ከቱቦው በታች ወጥቶ መሬት መያዝ ሲጀምር ቱቦውን አንስቶ የወጣውን ሥር መቁረጥ፣ ይህንንም በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ መድገም ነው። ያልተቆረጠ ሥር በተከላ ቀን ይበጠስና ችግኙ ጠውልጎ ይቀራል። ከተከላ በፊት ባለው አንድ ወር ጥላው እየተገፈፈ፣ ውሃው እየተቀነሰ ይሄዳል። በተከላ ቀን ቱቦው ተቀዶ ይወጣል፣ ይሰበሰባል፣ ይቆጠራል። 5,000 ችግኝ ተክሎ 5,000 ፕላስቲክ ወደ ሐይቁ የላከ ቡድን ምን እንደጠቀመ እንጃ።

ወደ ኳሱ እንምጣ። ከታዳጊ ቡድኖች የሚመጣው ጥያቄ ሁሉ “ማልያ” ይላል። ማልያ አንገዛም። ኳስ እንገዛለን፤ እሱንም በቁጥር ለይተን። ከ8 ዓመት በታች ላሉት ቁጥር 3፣ ከ8 እስከ 12 ላሉት ቁጥር 4፣ ከዚያ በላይ ቁጥር 5 ነው። ቁጥር 5 ኳስ ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ከ410 እስከ 450 ግራም ነው፤ በ9 ዓመት ልጅ እግርና ጭንቅላት ላይ ብዙ ነው። በደረቅ ጠጠር ሜዳ ላይ የሚያምረው ቀጭን ቆዳ ቶሎ ይላጣል፤ ወፍራም ጎማ የለበሰው ይሻላል። ኳስን ቶሎ የሚገድለው ግን ሜዳው ሳይሆን መርፌው ነው። መርፌውን ደረቁን የሚሰካ ሰው ቫልቩን ይቀደዋል፤ በምራቅም ቢሆን አርሶ ቀጥ አድርጎ ማስገባት ይገባል። ስለዚህ ለአንድ ቡድን 6 ኳስ፣ 1 መንፊያና 10 መርፌ እንሰጣለን። መርፌው ለምን በዛ ለሚል፣ ስለሚጠፋ ነው።

የእድሮች ጥያቄ ድንኳን ነው። አዲስ ድንኳን በ30,000 ብር አይታሰብም፤ ያለውን ማስነሳት ግን ይቻላል። ብዙውን ጊዜ ሸራው ደህና ሆኖ የሚጎድሉት የብረት መጋጠሚያዎች፣ ካስማዎችና ገመድ ናቸው። ቀብር ላይ ተቻኩሎ ሲፈርስ የአንዱ ምሰሶ ከሌላው ይቀላቀላል፤ በሚቀጥለው ለቅሶ ሌሊት ላይ በባትሪ ብርሃን ሲገጣጠም አልገጥም ይልና በመዶሻ ይመታል፤ አፉ ይጣመማል፤ ዳግም አይገባም። መድኃኒቱ ሁለት ቆርቆሮ ቀለም ነው፦ የጎኑን ምሰሶ ቀይ፣ የጣሪያውን ሰማያዊ፣ መጋጠሚያውንም በሚገባበት ጫፍ ቀለም መቀባት። ሸራ ደግሞ እርጥቡን ከታጠፈ በክረምት በጥቂት ቀን ይሻግታል። በማግስቱ ተዘርግቶ ሳይደርቅ ዕቃ ቤት እንዳይገባ የሚል አንድ መስመር በእድሩ ደንብ ላይ ቢጨመር አዲስ ሸራ ከመግዛት ይሻላል። እንዲህ የተስተካከለ ድንኳን ለጎረቤት እድር ይከራያል፤ ኪራዩ የሚቀጥለውን ገመድ ይገዛል።

የስፌት ክበቦች ከጠፍሩ ሌላ የሚጎድላቸው መርፌ (ቁጥር 11 ለስስ፣ ቁጥር 14 ለተደራረበ ጨርቅ)፣ ክርና የመኪና ዘይት ነው። የምግብ ዘይት የሚቀባ አለ፤ ይደርቅና እንደ ሙጫ ይይዛል። በመጠበቂያው መሃል ላይ ስፌት ማሳለፍም ስህተት ነው፤ መርፌ የበሳው ውሃ የማያስተላልፍ ጨርቅ ያፈሳል። ስፌቱ በዳር በዳር ይሂድ። ከመጠበቂያው ጋር የሚሰጠው ወረቀት ላይ “በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፉ፣ ፀሐይ ላይ አስጡ” የሚለው አይቅር፤ ሙቅ ውሃ ደሙን ጨርቁ ላይ ያስቀረዋል።

የጽዳት ክበቦች ጓንት፣ መቆንጠጫና ማዳበሪያ ከረጢት ይጠይቃሉ፣ ይሰጣቸዋል። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ያሉት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች የዓሣውን ትርፍራፊ ይለቅማሉ፤ ፕላስቲኩን ለእኛ ትተውታል።

አሁን ገንዘቡ እንዴት እንደሚወጣ። ቡድኑ ቢያንስ አንድ ዓመት የተሰበሰበ መሆን አለበት፤ ማስረጃው ቃለ ጉባኤ ወይም የመዋጮ መዝገብ ነው። ማመልከቻው አንድ ገጽ ነው፦ ምን ጎደለ፣ ስንት ይፈለጋል፣ ማን ያስቀምጠዋል። መጻፍ የማይችል ቡድን በቃል ይናገራል፣ እኛ እንጽፋለን። የባንክ ሒሳቡ በሊቀ መንበሩ፣ በጸሐፊውና በገንዘብ ያዡ ስም ሆኖ ከሦስቱ ሁለቱ ሲፈርሙ ይወጣል። አንድ ፈራሚ ያለው ሒሳብ አንቀበልም፤ ሰውየው የታመነ ቢሆንም እንኳ፣ ሲታመም ወይም ከከተማ ሲወጣ ቡድኑ አብሮ ይቆማል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋ እግር አውጥቷል። ባለፈው ወር የመጣ ፕሮፎርማ ዛሬ አይሠራም። ስለዚህ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ አምጥቶ፣ ብሩ በገባ በ15 ቀን ውስጥ መግዛት ግዴታ ነው። ገመድና ከረጢት ሻጭ ደረሰኝ የለውም፤ ለሱ ሦስት አባላት አብረው ሄደው የግዢ ማረጋገጫ ይፈርማሉ። የተገዛው ዕቃ በደብተር ይመዘገባል። የመንግሥት መጋዘን ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 የሚለው ነገር ነው፤ የገባ በአንድ በኩል፣ የወጣ በሌላ። የተፈቀደው የብር መጠን በሙሉ ጉባኤ ፊት ይነበባል። ይህችን የዘለለ ቡድን ነው በኋላ በሐሜት የሚፈርሰው፤ 30,000 ብር በወሬ መንገድ ላይ 300,000 ይሆናል።

የማንሸፍነው፦ ባነር፣ ቲሸርት፣ የምረቃ ድግስ፣ የስልጠና አበልና የስልክ ካርድ። ባነር ያሳየናል የሚሉን አሉ። ሥራው ያሳያችኋል።

ለመስጠት ለምትፈልጉ፦ 30,000 ብር የአንድ ቡድን ሙሉ ድርሻ ነው፤ ለብቻ የሚከብድ ከሆነ በእቁብ ወይም በመሥሪያ ቤት ተሰባስቦ አንድ ድርሻ መያዝ ይቻላል። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ወደ ጋራ ቋቱ ይገባል፤ 100 ብርም ደረሰኝ አላት። በዕቃ መስጠት ለምትሹ ያገለገለ የስፌት መኪና እንቀበላለን፣ መለዋወጫው ገበያ ላይ የሚገኝ እስከሆነ ድረስ። ያገለገለ ኳስ አይሆንም። ውጭ አገር ያላችሁ የሐዋሳ ልጆች በባንክ በኩል ላኩ፤ በሰው እጅ የሚመጣ ብር ለመመዝገብም ለማስረዳትም ያስቸግረናል። የሒሳብ ቁጥሩን የምታገኙት በየእድሩ ጸሐፊ እጅ ካለው ማህተም ያረፈበት ወረቀት ላይ ነው። በአጭር መልእክት ወይም በቴሌግራም የደረሳችሁ የሒሳብ ቁጥር ካለ የእኛ አይደለም፤ አትላኩበት።

ማሰባሰቢያው ታኅሣሥ 30 ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚገባ ብር ጥር ላይ ለሚሞላው ቱቦ ስለማይደርስ ለችግኝ ቡድኖች አይሰጥም፤ ወደ ኳሱና ወደ ድንኳኑ ይዞራል።