ዕቃውን ከመግዛትህ በፊት

ይድረስ ለወንድሜ፣ ዋሽንግተን
ከደሴ

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ስንት ዓመት እንደተጠፋፋን መቁጠሩን ትቼዋለሁ። መጀመሪያ ኔትወርኩ ጠፋ፣ ቀጥሎ የስልክህ ቁጥር ተቀየረ፣ ከዚያ በኋላማ «ነገ እደውላለሁ» እየተባለ ጊዜው ሄደ። አንተም እንደኔው ነህና አንካሰስ።

እህትህን ሸርፍ ተራ አገኘኋትና «ክረምት ላይ ይመጣል፤ ምን ላምጣለት ብሎሃል» አለችኝ። ጫማ እንዳትለኝ። ጫማ እዚህም ሞልቷል። እኔ የምፈልገው የሸክላ ፕሪአምፕ ነው። ምን እንደሆነ ሳታውቅ ሱቅ ከገባህ ሻጩ የማልፈልገውን ውድ ነገር ያሸክምሃልና ይህን ደብዳቤ ቡናህን ይዘህ ረጋ ብለህ አንብበው።

የአባቴን ሸክላዎች ታስታውሳለህ፤ ሳሎን ውስጥ ከቁም ሳጥኑ ስር የተደረደሩትን። በ2014 ከተማችን ያየችውን አይታ፣ እኛም ወጥተን ስንመለስ ቴሌቪዥኑ የለም፣ ፍሪጁ የለም፣ ያ ሁለት ሰው የሚሸከመው አምፕሊፋየርም የለም። ሸክላዎቹ ግን ወለሉ ላይ ተበትነው ጠበቁን። ማንም አልፈለጋቸውም። ማጫወቻውም ክዳኑ ተሰንጥቆ ቀርቷል፤ ሞተሩ ግን ዛሬም ደህና ይዞራል። እናቴ አንድ በአንድ በጨርቅ እየጠረገች ወደ ልባሳቸው መለሰቻቸው።

አሁን ያለኝ አምፕ ፒያሳ የገዛሁት ነው። ብሉቱዝ አለው፣ ፍላሽ ይቀበላል፣ ፊቱ ላይ መብራት ይጨፍራል። ከኋላው ግን «ፎኖ» የሚል ቀዳዳ የለውም። የአባቴ ነበረው፤ ያኔ ምን እንደሚሠራ ማናችንም ጠይቀን አናውቅም፣ ሰክተን መስማት ብቻ። አሁን ማጫወቻውን «ኦክስ» ላይ ስሰካው ድምፁ ትንኝ ጆሮ ስር እንደምትዘፍነው ሆኖ ነው የሚወጣው። ማሲንቆው ይሰማል፣ ጸናጽሉ ይሰማል፣ ቤዙ ግን ጭራሽ የለም፤ ድምፁን እስከ መጨረሻ ብትከፍተውም ጎረቤት አይሰማህም።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው የኃይል ማነስ ነው። የኔ ካርትሪጅ፣ መርፌውን ይዞ እንቅስቃሴውን ወደ ኮረንቲ የሚቀይረው ክፍል ማለቴ ነው፣ ኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም 95ኢ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሰው አምጥቶልኝ የገጠምኩት። የሚያወጣው 4 ሚሊቮልት ገደማ ነው። አምፑ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊቮልት ካልመጣለት አይነቃም። ስለዚህ መሀል ላይ መቶ እጥፍ የሚያሳድግ ነገር ያስፈልጋል፤ በባለሙያዎቹ ቋንቋ 40 ዴሲቤል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ይገርማል። ሸክላ ላይ የተቀረጸው ድምፅ ሆን ተብሎ የተዛባ ነው። ወፍራሙ ድምፅ እንዳለ ቢቀረጽ የመርፌው ቦይ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ጎረቤቱን ቦይ ይበሳው ነበር፤ እንዳይበሳው ቢራራቅ ደግሞ አንድ ዘፈን እንኳ በቅጡ አይገባም። ስለዚህ ሲቀርጹ ቤዙን ይቀንሱታል። ቀጭኑን ድምፅ ደግሞ ከሸክላው የራሱ ሹሹታ በላይ እንዲወጣ ከፍ ያደርጉታል። ሲጫወት ይኸው ሁሉ ተገልብጦ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ድሮ እያንዳንዱ አሳታሚ በራሱ ልክ ነበር የሚሠራው፤ በ1954 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአሜሪካ አንድ ልክ ወጣለትና አርአይኤኤ ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ዓለም በዚያ ይሠራል። ከመካከለኛው ድምፅ ጋር ሲነጻጸር 20 ኸርዝ ላይ ያለው ወፍራም ድምፅ አሥር እጥፍ ግድም ይነሳል፣ 20 ሺህ ኸርዝ ላይ ያለው ቀጭን ድምፅ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ፕሪአምፕ የምልህ ሳጥን ሥራው እንግዲህ ይኸው ነው፤ ማሳደግና የተገለበጠውን መመለስ። ከዚህ ሌላ ሻጩ የሚነግርህ አብዛኛው ጌጥ ነው።

አሁን ስለ አመራረጡ ልንገርህ። ካርትሪጅ በጠቅላላው ሁለት ዓይነት ነው። ማግኔቱ የሚንቀሳቀስበት ኤምኤም ይባላል፣ ሽቦው የሚንቀሳቀስበት ደግሞ ኤምሲ። የኔ ኤምኤም ነው። ኤምሲ እጅግ ደካማ ነው፤ ለምሳሌ ዴኖን ዲኤል 103 የሚባለው ስመ ጥር ካርትሪጅ 0.3 ሚሊቮልት ብቻ ነው የሚሰጥ፤ ስለዚህ ከኔው አሥር እጥፍ በላይ ማሳደግ ይፈልጋል። ያን ያህል አሳድጎ ጩኸት አለማምጣት ነው ገንዘብ የሚያስወጣው። «ወደፊት ካርትሪጅ ብትቀይር ይጠቅምሃል» ብለው ሁለቱንም የሚያስተናግድ ሊሸጡልህ ይሞክራሉ። እኔ ደሴ ተቀምጬ ኤምሲ አልገዛም። የኤምሲ መርፌ ሲያልቅ በአብዛኛው ካርትሪጁ እንዳለ ነው የሚቀየረው፤ የኔ ግን መርፌው ብቻ ተነቅሎ አዲስ ይሰካበታል። ኤምኤም ብቻ የሚል ይበቃኛል።

ከምንም በላይ የምፈራው ጉርምርምታ ነው። የኮረንቲው ሞገድ እዚህ አገር 50 ኸርዝ ነው። ሳጥኑ ሁሉንም መቶ እጥፍ ያሳድጋል ብዬሃለሁ፤ ያ የአርአይኤኤ ነገር ደግሞ 50 ኸርዝ ላይ ሲደርስ በላዩ ሰባት እጥፍ ገደማ ይጨምርበታል። ስለዚህ ከግድግዳው ሽቦ የሾለከች ቅንጣት ኮረንቲ ሰባት መቶ እጥፍ አድጋ ስፒከሩ ውስጥ «እምምም» ስትል ታገኛታለህ። የኛ ቤት አሮጌ ነው፤ ሶኬቱ የመሬት ሽቦ የለውም። ከማጫወቻው የምትወጣ አንዲት ቀጭን ሽቦ አለች፣ ጫፏ እንደ ሹካ የተሰነጠቀ። እሷ ከፕሪአምፑ ጀርባ ካለ ብሎን ስር ገብታ መጥበቅ አለባት። ስለዚህ ሱቅ ስትገባ መጀመሪያ ዕቃውን አዙረህ ጀርባውን እይ። ያ ብሎን ከሌለው መልሰህ አስቀምጠው፤ ዋጋውንም አትጠይቅ።

ሌላው ደግሞ ሸክላዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ላስቸግርህ። የአባቴ አብዛኞቹ ትንንሾቹ፣ በደቂቃ 45 ዙር የሚዞሩት ናቸው። የጥላሁን አለ፣ የብዙነሽ፣ የማህሙድ። አምሃ እሸቴ በ1969 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አምሃ ሪከርድስን ሲጀምር አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ሸክላው ውጭ ታትሞ ነበር የሚገባው። እስከ 1975 ድረስ በሠራባቸው ዓመታት ያወጣቸው እነዚያ ሸክላዎች ስንት ሰርግና ስንት ቡና ቤት አልፈው ነው እኛ ዘንድ የደረሱት። የኛዎቹ በተለይ ተጭረዋል፤ አንዳንዶቹ ላይ የሳንቲም ጫፍ የመሰለ መስመር ይታያል። ብዙዎቹ ደግሞ ሞኖ ናቸው።

ሞኖ መሆናቸው ይጠቅመኛል፤ እንዴት ብትል፣ በሞኖ ሸክላ ላይ ዘፈኑ ያለው ግራና ቀኝ በሚወዛወዘው የቦዩ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። መርፌው ወደ ላይና ወደ ታች ሲዘል የሚያነሳው ግን ዘፈን አይደለም፤ አቧራ፣ ጭረት፣ የተጣመመ ሸክላ ነው። የስቴሪዮ ካርትሪጅ ሁለቱንም ያነባል። ግራውንና ቀኙን አንድ ላይ ስትደምራቸው ግን የላይና የታቹ ተሻሽሮ ይጠፋል፣ ዘፈኑ ይቀራል። ባንድ ጊዜ ቅጥቅጡ ግማሽ ግማሹ ይቀንሳል፤ ዘፋኟም ከስፒከሮቹ መሀል ላይ ቁጭ ትላለች። የሞኖ ቁልፍ ያላቸው ፕሪአምፖች አሉ፤ ፓራሳውንድ የሚሠራው ዚፎኖ ኤክስአርኤም አንዱ ነው፣ ነገር ግን ውድ ነው፣ ለኔ ሲባል እንዲህ አታውጣ። በእሱ ፋንታ ባለሁለት ሹካ አርሲኤ ገመድ ሁለት አምጣልኝ፤ አንዱ ሁለቱን ወደ አንድ የሚሰበስብ፣ ሌላው አንዱን ወደ ሁለት የሚከፍል። ከማጫወቻውና ከፕሪአምፑ መሀል ገብተው ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። ከፕሪአምፑ በኋላ ግን አይገቡም፤ እዚያ ሁለቱ መውጫዎች ተገናኝተው ይገፋፋሉ። አጫጭር ይሁኑ፤ ገመድ ሲረዝም ቀጭኑን ድምፅ ያበላሸዋል። ገመድ ኮረንቲ የማከማቸት ጠባይ አለው፤ የሚለካውም በፒኮፋራድ ነው። የኔ ካርትሪጅ ከ100 እስከ 200 ፒኮፋራድ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ከመደበኛ ገመድ አንድ ሜትሩ ብቻ መቶውን ሊበላ ይችላል።

ደግሞ የተጣመሙት አሉ። አንዷን ማጫወቻው ላይ ሳደርጋት መርፌው ኮረብታ እንደሚወጣ ከፍ ዝቅ ይላል። የአባቴ አምፕ በነበረ ጊዜ ትዝ ይለኛል፣ የስፒከሩ ወረቀት ያለ ምንም ድምፅ ወደ ፊት ይወጣና ወደ ኋላ ይገባ ነበር። ጆሮ የማይሰማው ሞገድ ነው፤ አምፑን በከንቱ ያደክማል፣ ስፒከሩንም ይጎዳል። ስለዚህ «ሎው ከት» ወይም «ሳብሶኒክ» የሚል ማብሪያ ያለው ፕሪአምፕ ፈልግልኝ።

ይህን ሁሉ ሳሰላ ቆይቼ ልቤ ያረፈበት ኤአርቲ የሚባለው ድርጅት የሚሠራው ዩኤስቢ ፎኖ ፕላስ ነው። ኤምኤም ነው፣ ሎው ከት አለው፣ 100 ወይም 200 ፒኮፋራድ መምረጫ አለው፣ ድምፅ መቆጣጠሪያም አለው። ዋጋው ስሜን አያስጠራም። በኮምፒውተር በኩል ሸክላዎቹን መገልበጥ ስለሚያስችል ላንተም ትርፍ አለው፤ የአባቴን ዘፈኖች በፍላሽ ይዘህ ትመለሳለህ። ከሁሉ የወደድኩለት ግን ኃይሉን በዩኤስቢ መቀበሉ ነው። ፓወር ባንክ ላይ ሰክቼው ከግድግዳው ኮረንቲ እገላገላለሁ ማለት ነው፤ ጉርምርምታውም በአንድ በር ይቀንስልኛል። መብራት ሲጠፋ አምፑ ስለሚጠፋ ያው ዝም እንላለን፣ እሱን ተወው።

ይህን ካጣህና ሌላ ከገዛህ፣ አብሮት የሚመጣውን አዳፕተር አገላብጠህ አንብብ። «100-240» የሚል ከሆነ መልካም፤ «120» ብቻ የሚል ከሆነ የኛ 220 ያቃጥለዋል። ይህን ሳያዩ ከውጭ ዕቃ ይዘው መጥተው ገና በሰኩት ቅጽበት ጭስ ያዩ ሰዎች ኮምቦልቻም ደሴም አሉ።

ቲዩብ ያለው፣ ያ አምፖል የመሰለው የድሮ ድምፅ ማጉያ ያለበት ማለቴ ነው፣ እንዳትገዛ። ሲግል ታያለህ፣ ሲበራ ያምራል፣ ፎቶው ላይም ደስ ይላል። ድምፁ ሞቅ ያለ ነው ይላሉ፤ ይሁን። ነገር ግን ቲዩቡ ሲያልቅ ምትኩን ደሴ ውስጥ የትኛው ሱቅ ነው የሚሸጥልኝ? ደግሞ እኔ በዚህ ዕድሜ ለሸክላ ሞቅታ ፍለጋ አልወጣም፤ ሙቀቱ ዘፋኙ ዘንድ ይበቃል። ባቲና አምባሰል ቅኝታቸው በስማቸው የተጠራ አገሮች እዚሁ ጎናችን ሆነው፣ እነሱን አጥርቶ መስማት ነው የምፈልገው።

የተረፈህ ገንዘብ ካለ ለመርፌ አውለው። ስሙን ጻፍ፤ የቪኤም 95ኢ መለዋወጫ መርፌ፣ ኤቲ ቪኤምኤን 95ኢ ይባላል። ቀለሙ አረንጓዴ ነው። ክብደቱ 2 ግራም ነው የሚቀመጥለት፤ ይህ የኔው ሥራ ነው፣ አንተ አትጨነቅ። ሸክላን ያረጀ መርፌ ከነካው አንተም እኔም የማንመልሰው ጉዳት ነው፤ ሳጥኑ ግን ቢበላሽ ይቀየራል። ስለዚህ ከሁለቱ መምረጥ ቢያቅትህ መርፌውን ይዘህ ና፤ ሳጥኑን በሌላ ሰው አስልከዋለሁ። መርፌውን ሻንጣ ውስጥ አታስገባው፣ በእጅህ ያዘው። ፕሪአምፑ በካልሲ ተጠቅልሎ በሻንጣ ቢመጣ ምንም አይሆን።

በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ከወረድክ ንገረኝ፤ መኪና ተከራይቼ እቀበልሃለሁና ሐረጎን አብረን እንወጣዋለን። እናቴ «ለሱ ደግሞ ጮርናቄ ይሠራለታል» ብላ ከአሁኑ ዱቄት ስለመግዛት ታወራለች። እናትህን ባለፈው ቧንቧ ውሃ አካባቢ አይቻቸዋለሁ፣ ጉልበታቸውን ትንሽ ቢያማቸውም ደህና ናቸው፤ አብሽር።

ልትገዛው ያሰብከውን ከኋላና ከፊት በስልክህ ፎቶ አንስተህ ሳትከፍል ላክልኝ፤ አይቼ እመልስልሃለሁ። የመምጫህን ቀንም እንደዚያው።

ወንድምህ