እንኳንም አላየኋቸው ላልሽኝ

ለምወድሽ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሳቂ እንግዲህ። እናቶቻችን ደብዳቤ ሲያስጽፉን በዚህ ነበር የምንጀምረው፤ የተሻለ መግቢያ እስካሁን አላገኘሁም። ማን ማንን ዘጋ የሚለውን ደግሞ ተዪው። ቴሌግራም ላይ ድምፅሽን ስሰማ ኩርፊያው ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ።

የላክሽውን ደጋግሜ ሰማሁት። “ነፍሳቸው ካለች ሥጋቸው ምን ያደርጋል? እንኳንም አላየኋቸው” ትያለሽ። ቨርጂኒያ ሆነሽ፣ ወረቀትሽ ስላላለቀ መምጣት አቅቶሽ፣ የአባባን መርዶ በማለዳ በር አንኳኩተው ነግረውሽ፣ ሌላ ምን ልትዪ ትችያለሽ? ይገባኛል። ግን አልተዋጠልኝም። በአንቺ ፋንታ እዚያ ነበርኩና ያየሁትን ልንገርሽ።

የዕድሩ ሰዎች ገና ሳይነጋ ድንኳኑን ተክለው ነበር። አባባን አጥበው ከጨረሱ በኋላ፣ ከመገነዛቸው በፊት፣ እንድሰናበታቸው አስገቡኝ። እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው። ያ የግራ አውራ ጣታቸው፣ በመዶሻ ተመትቶ ጥፍሩ ለሁለት ተሰንጥቆ የበቀለው፣ እንዳለ ነው። ልጅ ሆነን እሱን እየነካካን “ያማል?” ስንላቸው “መዶሻውን ጠይቁት” ይሉን አልነበር? አንድ ሽማግሌ የእግራቸውን አውራ ጣቶች በክር ያስራሉ። እንዴት ቀስ እያሉ እንደሚያስሩ ብታዪ! የሚያማቸው ይመስል። ከዚያ ነጩ አቡጀዴ፣ ከላይ ሰሌኑ። ካህናቱ መጽሐፈ ግንዘቱን ያነባሉ፣ ቤቱ በዕጣን ታፍኗል። ድሮ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ሰባት ቦታ እየቆሙ ይጸልዩ ነበር፤ አሁን በመኪና ሆነና ሾፌሩም ይቸኩላል። መቃብሩ ውስጥ ግን ያው እንደ ጥንቱ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አድርገው አስተኟቸው። ጌታ ሲመጣ ከዚያ በኩል ነው ተብሎ ነው።

ሥጋ ተረፈ ምርት ከሆነ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ምን ይባላል?

ነፍስ አትሞትም ማለትሽ ልክ ነው። ጌታ ራሱ “ሥጋንም የሚገድሉትን ነፍስን ግን መግደል የማይቻላቸውን አትፍሩ” ብሏል። ግን ይህን ብቻ ይዞ መቆም የእኛ እምነት አይደለም። ይህንንማ ከግሪኮቹም የሚሉት ነበሩ። ቅዱስ ጳውሎስ አቴና ላይ ሲሰብክ ሲያዳምጡት ቆዩ፤ “የሙታንን ትንሣኤ በሰሙ ጊዜ እኩሌቶቹ አፌዙበት” ይላል የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17። ነፍስ ከሥጋ ተላቃ ትኖራለች ብሎ ቢያቆም ኖሮ እዚያ አገር የሚስቅበት ብዙ ሰው የሚኖር አይመስለኝም። ያሳቃቸው ሥጋው ነው።

ጸሎተ ሃይማኖትንም እስቲ ልብ ብለሽ ድገሚው። እ.ኤ.አ. በ325 ኒቅያ ጉባኤ ላይ ተጀምሮ በ381 ቁስጥንጥንያ ጉባኤ ላይ የተፈጸመው ያ ጸሎት፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ “ነፍስ አትሞትም” አይልም። “የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን” ነው የሚለው። የእምነታችን ምሰሶ የሆኑት አምስቱ አዕማደ ምሥጢርም የሚያበቁት በትንሣኤ ሙታን ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማሩንን አስታውሺ፤ ሰው አራቱ ባሕርያተ ሥጋና ሦስቱ ባሕርያተ ነፍስ ነው። መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስ፣ እሳት። ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት፤ የምታስብ፣ የምትናገር፣ ሕያው የሆነች ማለት ነው። ሰባት እየቆጠርን የአንድ እጅ ጣታችን ያልቅብን ነበር። አባባ ሦስቱ ብቻ አይደሉም። ያ ጥፍርም አባባ ነው።

እንዴት ይነሣሉ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ ብቻ። የቆሮንቶስ ሰዎች ይህንኑ ጠይቀው ጳውሎስ “አንተ ሞኝ” ብሎ ነው መልሱን የጀመረው። እኔ የማውቀው ጌታ ከተነሣ በኋላ የተጠበሰ ዓሣ በደቀ መዛሙርቱ ፊት መብላቱን፣ የችንካሩም ምልክት ከእጁ አለመጥፋቱን ነው። ቶማስ ያወቀው በዚያ ነው። ስለዚህ የአባባ አውራ ጣት ጉዳይ ላይ ተስፋ አልቆረጥኩም።

ልቅሶውን በተመለከተ ደግሞ እናውራ። “አላለቀስኩም፣ እምነት አለኝ” ብለሻል። እኔ ይሄ አባባል ሲያስፈራኝ ነው የኖረው። እዚህም ለቅሶ ቤት ሄደሽ አንዷ ከፍ አድርጋ ስታለቅስ “ተይ፣ ክርስቲያን አይደለሽም እንዴ?” የሚል አይጠፋም። ዮሐንስ 11ን ክፈቺው። ጌታ ቢታንያ የሄደው አልዓዛርን ሊያስነሣ ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ “አልዓዛር ሆይ፥ ወደ ውጭ ና” እንደሚል ያውቃል። ግን “ኢየሱስም እንባውን አፈሰሰ” ይላል። የአልዓዛር እህት ማርታ ትምህርቱን በደንብ አውቃው ነበር፣ “በመጨረሻው ቀን በትንሣኤ እንዲነሣ አውቃለሁ” ብላዋለች። ለእሷ ተናግሯት አለፈ፤ ከእህቷ ከማርያም ጋር ግን አለቀሰ። ጳውሎስም “አትዘኑ” ብሎ አልቆመም፤ ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ ነው ያለው። ሞትንም “የኋለኛው ጠላት” ብሎታል። ጠላት ነው ያለው፤ በጠላት ፊት ደግሞ ፈገግ በይ ያለሽ የለም።

አባባ አሁን የት ናቸው ካልሽኝ፣ አባቶች እንዳስተማሩን ነፍሳቸው ገነት ናት ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ፈያታዊ ዘየማን፣ በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፣ “ዛሬ” የተባለበት ቦታ። መንግሥተ ሰማያት ግን ገና ናት፣ ከትንሣኤ በኋላ። ዮሐንስ በራእዩ ያያቸው የሰማዕታት ነፍሳት እንኳ ከመሠዊያው በታች ሆነው “እስከ መቼ?” እያሉ ይጮኻሉ። ነጭ ልብስ ተሰጣቸው፣ ጥቂት ዘመን እንዲያርፉ ተነገራቸው። እንደኔ ከሆነ በመጽሐፍ ቅዱስ እንደዚህ የሚያጽናናኝ ቦታ ጥቂት ነው። እነሱም እየጠበቁ ነው። አንቺም ትጠብቂያለሽ። የሚጠበቀው ቀን አንድ ነው።

ተዝካርም ለእኔ ትርጉም የሚሰጠኝ ለዚህ ነው። ሄደው ያለቁ ቢሆኑ ምን እንጸልይላቸዋለን? አርባቸው ላይ የላክሽው ገንዘብ ግን፣ አትቆጪኝና፣ ግማሹ ለድንኳንና ለለስላሳ ነው የሄደው። ጠግበው የመጡ ሰዎች በልተው ሄዱ። ሙት ዓመታቸው ሊደርስ ነው። እማማ ድንኳን ያስፈልጋል ይላሉ፣ ሰው ምን ይለናል ብለው። እኔ የምለው፣ ቅዳሴ ይቀደስላቸው፣ ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ላሉት ነዳያን ምሳ እናብላ። አንቺ ካልሽ እማማ እሺ ይላሉ፤ የእኔን አይሰሙም።

በዚያ ቀን ደግሞ እባክሽ ሥራ አትግቢ። እዚያም ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ሂጂና አስቀድሺ፣ ከመጣብሽም አልቅሺ። ካህኑ የሙታኑን ስም ሲያነሡ በክርስትና ስማቸው ስለሆነ የአባባን እማማን ጠይቄ እልክልሻለሁ። የአንቺንም ላኪልኝ፣ እዚህም ለቆመው ይጸለያል። ወለተ ምን እንደነበርሽ ጠፍቶኛል።

እህትሽ